ኤችአይቪ የሰውነትን ጠባቂ ሕዋሳት እንዴት ይለውጣል? ከሞያሌ ድንበር የሚነሣ ጥያቄ

ሞያሌ አንድም ሁለትም ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና በኢትዮጵያ ምድር የሚያበቃው እዚህ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኬንያዋ ሞያሌ ደግሞ ሌላው መንገድ ይነሣና ማርሳቢትንና ኢሲኦሎን አቋርጦ ናይሮቢ ይገባል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂውና ገሪው በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው፤ ገበያውም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም በድንበር አይገታም።

በዚህ መስመር ከሚመላለሱት የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች፣ የከብት ነጋዴዎች፣ ስደተኞችና ዘመድ ጠያቂዎች መካከል ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችም አሉ። መድኃኒታቸውን በየቀኑ የሚወስዱት ጤናቸው ተጠብቆ፣ ሠርተው፣ ቤተሰብ መሥርተው ይኖራሉ። ነገር ግን ጉዞ ካሰቡት በላይ ሲረዝም ወይም መንገድ ሲዘጋ እንክብሉ ሊያልቅ ይችላል። ያኔ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሰውየው ጤነኛ ከሆነ፣ የሲዲ4 ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ለአንድ ወር ያህል ቢቋረጥ ምን ይጎዳል?

መልሱ ያለው ቲ ሕዋሳት በሚባሉት የሰውነት ጠባቂዎች ውስጥ ነው። ስለ እነዚህ ሕዋሳት ዛሬ ለሚታወቀው ነገር በዚሁ መንገድ ሁለት ጫፎች፣ በአዲስ አበባ ዙሪያና በናይሮቢ፣ የተካሄዱ ጥናቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቲ ሕዋሳት ምንድን ናቸው?

ቲ ሕዋሳት ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን ናቸው። መነሻቸው የአጥንት መቅኔ ሲሆን፣ ለሥራ የሚበቁት ግን ከደረት አጥንት ጀርባ በምትገኘው ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ነው። «ቲ» የሚለውን ስም ያገኙትም ከዚህችው ዕጢ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ሁለት ዋና ዋና ወገኖች አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሲዲ4 የሚባለውን ፕሮቲን በላያቸው ላይ የተሸከሙት አጋዥ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ በራሳቸው ብዙ አይገድሉም፤ ሥራቸው ማስተባበር ነው። ፀረ እንግዳ አካላት እንዲመረቱ፣ ሌሎች ጠባቂዎች እንዲነቁና ወደ ተጎዳው ቦታ እንዲሄዱ ምልክት የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ሲዲ8 የሚባለውን ፕሮቲን የያዙት ገዳይ ሕዋሳት ናቸው። ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ ለይተው፣ ቫይረሱ ተባዝቶ ከመውጣቱ በፊት ያጠፉታል።

ቲ ሕዋሳት በልምዳቸውም ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ገና ምንም ዓይነት ተህዋስ ያላጋጠማቸው አዲሶች ናቸው። ሌሎቹ ቀድሞ የተዋጉትን ተህዋስ የሚያስታውሱ፣ ለዓመታት አድፍጠው የሚቆዩና ያው ጠላት ሲመለስ ፈጥነው የሚነሡ ናቸው። ክትባት የሚሠራውም በዋናነት ይህን የማስታወስ ችሎታ ተጠቅሞ ነው። በኤችአይቪ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ መልካም ችሎታ ለቫይረሱ መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ኤችአይቪ እ.አ.አ. በ1983 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከተለየ በኋላ፣ ለመግቢያ በር የሚጠቀመው ሲዲ4ን መሆኑ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ሲዲ4 ብቻውን ግን አይበቃውም፤ ሁለተኛ መያዣ ያስፈልገዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ መያዣ ሲሲአር5 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ በሁለቱ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ የዘር መመሪያውን ከአር ኤን ኤ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ከዚያም በሕዋሱ በራሱ ዲ ኤን ኤ መካከል ይሰካዋል። ከዚህ በኋላ ያ ሕዋስ በሕይወት እስካለ ድረስ የቫይረሱን መመሪያ ይዞ ይኖራል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በደም ውስጥ ሳይሆን በአንጀት ግድግዳ ነው። በርካታ የሰውነት ሲዲ4 ሕዋሳት፣ በተለይም አስታዋሾቹ፣ የሚገኙት እዚያ ሲሆን አብዛኞቹ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ሰውየው ግን ትኩሳት፣ የጉሮሮ መቁሰል ወይም ሽፍታ ቢሰማው ነው፤ ጉንፋን ወይም ወባ መስሎት ሊያልፈውም ይችላል። በዚህ ወቅት የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከአንድ ሚሊዮን ሊበልጥ ይችላል። የተለመደው ፈጣን ምርመራ ግን ፀረ እንግዳ አካላትን ስለሚፈልግ ነጻ ነህ ሊል ይችላል። ለዚህም ነው ሰሞኑን ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ምርመራውን እንዲደግም የሚመከረው።

የገዳይ ሕዋሳት ትግልና የናይሮቢ ሴቶች

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሲዲ8 ሕዋሳት በብዛት ይነሣሉ። የቫይረሱ መጠን ከከፍታው የሚወርደው በአብዛኛው በእነርሱ ብርታት ነው። ይሁንና ወደ ዜሮ አይደርስም፤ በአንድ ደረጃ ላይ ይረጋል። ይህ ደረጃ ከሰው ሰው የሚለያይ ሲሆን፣ ዝቅ ያለ ከሆነ ሕክምና ባይኖርም እንኳ በሽታው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከፍ ያለ ከሆነ ይፈጥናል።

ገዳይ ሕዋሳት ለምን ጨርሰው አያሸንፉም? ኤችአይቪ ራሱን ሲገለብጥ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ ሲዲ8 ሕዋሳት የሚለዩበትን ምልክት ይለውጡታል። ጠባቂው የያዘው መልክ ከተፈላጊው መልክ ጋር አልገጥም ይለዋል ማለት ነው። አዲስ ጠባቂ ሲነሣ ቫይረሱ እንደገና ይለወጣል። ከመቶ አንድ በማይሞሉ ሰዎች ብቻ ቫይረሱ ያለ መድኃኒት ለዓመታት ተገቶ ይቆያል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ገዳይ ሕዋሳት ቫይረሱ በቀላሉ ሊለውጣቸው የማይችላቸውን ክፍሎች እንዲለዩ የሚረዳ ልዩ ዘረ መል ያላቸው ናቸው።

በናይሮቢ፣ ፑምዋኒ በሚገኘው የማጄንጎ ሰፈር የተደረገው ምርምር በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ ነው። የናይሮቢና የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችን ጤና ሲከታተሉ፣ ጥቂቶቹ ለዓመታት ደጋግመው ለቫይረሱ ቢጋለጡም እንዳልተያዙ አስተዋሉ። በ1990ዎቹ በተደረጉ ምርመራዎች በአንዳንዶቹ ሴቶች ዘንድ ኤችአይቪን የሚለዩ ሲዲ8 ሕዋሳት ተገኙ። ይህ ግኝት ለክትባት ፈላጊዎች ታላቅ ተስፋ ሰጠ።

ተስፋው ግን ማስጠንቀቂያም ነበረው። ከእነዚሁ ሴቶች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በቫይረሱ ተያዙ። ተመራማሪዎቹ እንዳመለከቱት በኋላ የተያዙት ሴቶች ሥራቸውን ለተወሰነ ጊዜ ያቆሙ ወይም የቀነሱ ነበሩ። ይህም የሕዋሳቱ ንቃት ሳይቀሰቀስ ሲቆይ ይደክማል የሚል ግምት አሳደረ። ስለዚህ «እስካሁን አልያዘኝም፤ እኔን አይነካኝም» የሚለው አባባል ዋስትና የለውም።

ድካም፣ መቆጣትና እልቂት

ሕክምና ካልተጀመረ ትግሉ ለዓመታት ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜም ቲ ሕዋሳት በቁጥር ብቻ ሳይሆን በባሕርይም ይለወጣሉ።

አንደኛው ለውጥ ድካም ነው። ያለ ዕረፍት የሚዋጋ ሲዲ8 ሕዋስ በላዩ ላይ ፒዲ-1 የሚባል ልጓም እያበዛ ይሄዳል። በ2006 የወጡ ጥናቶች ይህ ልጓም በበዛባቸው ሰዎች የቫይረሱ መጠን ከፍ፣ የሲዲ4 ቁጥር ደግሞ ዝቅ ማለቱን አሳይተዋል። የደከመው ሕዋስ አልሞተም፤ ግን መባዛትም መግደልም እየተሳነው ይሄዳል።

ሁለተኛው ለውጥ የማያባራ መቆጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጎዳው የአንጀት ግድግዳ የባክቴሪያ ቁርጥራጮችን ወደ ደም ያሳልፋል። ሰውነት ይህን እንደ ጥቃት ስለሚቆጥረው ቲ ሕዋሳትን ያለማቋረጥ ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰ ሲዲ4 ሕዋስ ደግሞ ለኤችአይቪ ከተኛው ይልቅ ይመቻል። እሳቱ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል ማለት ነው።

ሦስተኛው የሕዋሳቱ ሞት ነው። ቀድሞ ሲዲ4 ሕዋሳት የሚያልቁት ቫይረሱ በውስጣቸው ተባዝቶ ስለሚያፈነዳቸው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ቫይረሱ ሊገባባቸው ሞክሮ ሥራውን ሳይጨርስ የቀረባቸው ናቸው። ሕዋሱ የእንግዳውን የዘር ቁራጭ ሲያገኝ ራሱን ያጠፋል፤ ሲሞትም የሚረጨው ኬሚካል ሌሎችን ጠርቶ ለተመሳሳይ ዕጣ ይዳርጋል።

አስተባባሪዎቹ ሲመናመኑ ሰውነት አስሮ ያቆያቸው ተህዋስያን ይፈታሉ። በሳንባ ውስጥ ተከልሎ የነበረው የቲቢ ባክቴሪያ የሚነሣው ያኔ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች፣ በሑመራና በመተማ አካባቢ፣ ከኤችአይቪ ጋር ተዳብሎ ብዙ ሰው የጎዳው ካላዛርም በቲ ሕዋሳት ብርታት የሚገታ በሽታ ነው። ካላዛር በኬንያ በኩል ሞያሌ በምትገኝበት በማርሳቢት አውራጃም ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል።

የሲዲ4 ቁጥር ምን ይነግረናል? የአቃቂና የወንጂ ትምህርት

የሕክምና መጻሕፍት የጤነኛ ሰው ሲዲ4 በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም በግምት ከ500 እስከ 1,500 ነው ይላሉ። ከ200 ሲወርድ የኤችአይቪ በሽታ ከፍተኛ ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህ መለኪያ ግን በመጀመሪያ የወጣው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ደም ላይ ተመሥርቶ ነበር። ለኢትዮጵያውያንስ ይሠራል ወይ?

ይህን ጥያቄ ካነሡት መካከል በ1994 በአዲስ አበባ የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አንዱ ነው። ፕሮጀክቱ ከ1997 ጀምሮ የሁለት ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ አንዱ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ መውጫ ላይ በአቃቂ፣ ሌላው በአዳማ አቅራቢያ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ኤችአይቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥር ከኔዘርላንድስ ሰዎች ቁጥር ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ አማካዩ ብዙ ጊዜ በ700ዎቹ ዙሪያ ነበር። በተጨማሪም አዲሶቹ፣ ተህዋስ ያላጋጠማቸው ሕዋሳት ጥቂት ሲሆኑ፣ የተቀሰቀሱት ብዙ ነበሩ። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ የሕዋሳት መቀስቀስ ያገኙ ሲሆን፣ ለዚህ እንደ ዋና ምክንያት የጠቀሱት የአንጀት ጥገኛ ትላትልን ነው። ነገር ግን ትላትሉን ማከም ብቻውን ኤችአይቪን አይገታም፤ በኬንያ የተደረገ ሰፊ ሙከራ የትል መድኃኒት በየጊዜው መስጠት የሲዲ4 ማሽቆልቆልን እንዳላዘገየ በ2012 አሳይቷል።

ታዲያ ዝቅ ባለ ቁጥር መነሣት ኢትዮጵያውያንን ቶሎ ለኤድስ ይዳርጋቸዋል? ከፋብሪካ ሠራተኞቹ መካከል በክትትሉ ጊዜ በቫይረሱ የተያዙትን የመረመረ ጥናት በ2005 የሰጠው መልስ «አይዳርግም» የሚል ነበር። ከመያዛቸው በፊት ሲዲ4ቸው ዝቅ ያለው ሰዎች በሽታቸው ከሌሎቹ አልፈጠነም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። አንድ የሲዲ4 ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። ቁጥሩ በቀን ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በሌላ ሕመምም ይወርዳል። ለዚህም ነው ሕክምና ለመጀመር ሲዲ4 እስኪወርድ መጠበቅ የቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን ከ200 ወደ 350፣ ከዚያም ወደ 500 ካሳደገ በኋላ፣ በ2015 ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው ሕክምና እንዲጀምር መከረ። ኢትዮጵያም ኬንያም በ2016 ይህንኑ ተቀበሉ። ዛሬ የሲዲ4 ምርመራ ዋና ጥቅም ዘግይቶ የመጣን ሰው ለመለየት ነው፤ ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው በቫይረስ መጠን ምርመራ ነው።

መድኃኒቱ ምን ይመልሳል? ምን አይመልስም?

ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱ አዳዲስ ሕዋሳትን እንዳይይዝ መንገዱን ይዘጋል። በወራት ውስጥ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ይወርዳል። በዚህ ደረጃ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። ሲዲ4 ሕዋሳትም ይጨምራሉ። መጀመሪያ በሊምፍ ዕጢዎች ተይዘው የነበሩት ወደ ደም ይመለሳሉ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አዳዲሶቹ ከታይመስ ይወጣሉ።

ሙሉ በሙሉ የማይመለሱም አሉ። ሕክምናውን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ላይደርስ ይችላል። የአንጀት ግድግዳ ጠባቂዎች የሚያገግሙት በከፊል ነው። የመቆጣቱ ፍም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ድብቁ ክምችት ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ቫይረሱ የገባባቸው ጥቂት ሲዲ4 ሕዋሳት ሳይሞቱ ወደ አስታዋሽነት ተለውጠው ያንቀላፋሉ። ሥራ የማይሠራ ሕዋስ ቫይረስ አያመርትም፤ ስለዚህ ገዳይ ሕዋሳትም አያዩት፣ መድኃኒቱም አይነካው። ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን ያረፉ ሲዲ4 ሕዋሳት መካከል በግምት አንድ ያህል ቢሆንም፣ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት ያህል ይፈጃሉ። በዚህ ስሌት ክምችቱ በራሱ እስኪያልቅ ከ70 ዓመት በላይ ይወስዳል። ሕዋሳቱ በተፈጥሯቸው ሲከፋፈሉም የቫይረሱን መመሪያ አብረው ያባዛሉ።

«የበርሊኑ ታካሚ» በመባል የታወቀው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ከቫይረሱ የተፈወሰው ለደም ካንሰሩ ሲባል የአጥንት መቅኔው ሲሲአር5 በሌለው ሰው መቅኔ ስለተተካ ነበር። ይህ አደገኛና ውድ ሕክምና ለሚሊዮኖች የሚሆን አይደለም፤ ነገር ግን ችግሩ ያለው በቲ ሕዋሳቱ ውስጥ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል።

ወደ ሞያሌው ጥያቄ ስንመለስ

እንግዲህ መድኃኒት ለአንድ ወር ቢቋረጥ የሚሆነው ይህ ነው። ካንቀላፉት ሕዋሳት ጥቂቶቹ በየቀኑ ይነቃሉ። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ካለ የነቃው ሕዋስ የሚያመርተው ቫይረስ ሌላ ሕዋስ ሳይይዝ ይከስማል። መድኃኒቱ ከሌለ ግን በአብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቫይረሱ በደም ይሞላል፤ ዓመታት የፈጀው የሲዲ4 ማገገምም መሸርሸር ይጀምራል። ቫይረሱ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ይመለሳል።

ይህ ግምት አይደለም። በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ስማርት የተሰኘ ጥናት፣ ሲዲ4 ከፍ ሲል መድኃኒት እያቆሙ ሲወርድ መጀመር ይቻል እንደሆነ ሞክሮ ነበር። በ2006 የቀረበው ውጤት እንዳመለከተው፣ እያቋረጡ የወሰዱት ሰዎች ለኤድስ ተጓዳኝ በሽታ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው ሳያቋርጡ ከወሰዱት 2.6 እጥፍ ሆኗል። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም በመጀመሪያዎቹ ዘንድ ጨምሮ ተገኝቷል።

በድንበር ከተማ መቋረጥ ብዙ ምክንያት አለው። በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች የያዙትን ይዘው ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። እንዲህ ባለ ሽሽት መድኃኒትና የቀጠሮ ካርድ ከቤት መቅረታቸው አይቀርም። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድም፣ የሁለቱ አገሮች የኤችአይቪ አገልግሎት በዚህ ገንዘብ ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ ታይቷል።

መልካሙ ዜና በድንበሩ በሁለቱም ወገን ያለው ዋና ሕክምና አንድ መሆኑ ነው። ኬንያ በ2017፣ ኢትዮጵያም ከዚያ በኋላ ወደ ዶሉቴግራቪር ተሸጋግረዋል። ይህ መድኃኒት ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር ተዋሕዶ በአንድ እንክብል ይሰጣል። ስለዚህ ተጓዡ የሚያስፈልገው አዲስ ሕክምና ሳይሆን የጀመረውን መቀጠል ነው።

ባለሙያዎች ለተጓዥ የሚሰጡት ምክር በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ከጉዞ በፊት ለሐኪም ነግሮ የበርካታ ወራት መድኃኒት መውሰድ ነው፤ በኢትዮጵያ ጤናቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ መስጠት ከ2017 ጀምሮ የተለመደ አሠራር ነው። ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት የያዘ የዝውውር ወረቀት ወይም ቢያንስ የመድኃኒቱን ዕቃ መያዝ ነው። ሦስተኛ፣ ከድንበሩ ማዶ የቲቢ ሕክምና ከተጀመረ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደሚወስዱ መናገር ነው። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ መሆን ይኖርበታል።

መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናትም ሆነ ለወራት የተቋረጠበት ሰው አፍሮ መቅረት የለበትም። በቅርብ ወዳለው የጤና ተቋም ሄዶ እንደገና ሊጀምር ይችላል፤ በፈጠነ መጠንም የሚተርፉት ቲ ሕዋሳት ይበዛሉ።

በምርመራ የማይታየው ቫይረስ ስላልታየ አልጠፋም። ቀድሞ ያየነውን ሕመም እንዲያስታውሱልን በተፈጠሩት ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። እንዳይነሣ የሚያደርገው በየቀኑ የምትወሰደው እንክብል ናት፤ በሞያሌ በየትኛውም ወገን ቢያድሩ ሥራዋ አንድ ነው።